ብረቱና የወንድሜ ወገብ

ከቤቴ ፊት ለፊት ያለው ፎቅ ምድር ቤቱ ለረጅም ጊዜ ባዶውን ከቆየ በኋላ፣ ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ መስታወት ተገጠመለት፣ ቀይና ሰማያዊ መብራት ተንጠለጠለበትና ጂም ተከፈተበት። ሰበታ እንደሆነች ዛሬ ምንም ቢከፈትባት የሚገርመው ሰው የለም። ሙዚቃው ያስመርረኛል፤ አልዋሽም። ሁለት ጊዜ ሄጄ ድምፁን ቀንሱ ብያቸው ነበር፤ በትሕትና «እሺ አባባ» አሉኝና እኔ መንገዱን ሳልሻገር መልሰው ከፈቱት። ከሙዚቃው ስር ግን ሌላ ድምፅ አለ፤ ብረት ወለል ላይ ሲያርፍ የሚያሰማው። እሱን ስሰማ የያዝኩትን ጋዜጣ አጥፌ አስቀምጣለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዳቦ ልገዛ ወጥቼ በመስታወቱ ወደ ውስጥ አየሁ። አንድ ጎረምሳ ከባድ ብረት ፊት ቆሟል። ጎንበስ አለና ጀርባውን እንደ ድመት አጉብጦ ሊያነሳ ሲል «ቀና በል! ወገብህን!» ብዬ ጮህኩ። በመካከላችን መስታወት ስላለ አልሰማኝም፤ መንገደኛው ግን ሰምቶኝ ዘወር ብሎ አየኝ። ደግነቱ አንዲት አሰልጣኝ ደርሳ እጇን ልጁ ወገብ ላይ አድርጋ አስተካከለችው። እኔ ግን ዳቦውን ሳልገዛ ተመለስኩ። ወንድሜን ጥላሁንን ያየሁት መሰለኝ።

በጃንሆይ ጊዜ፣ እኔ ልጅ እያለሁ፣ ሰበታ ማለት ከጅማ መንገድ ግራና ቀኝ የተሰለፉ ቆርቆሮ ቤቶች፣ ከቤቶቹ ጀርባ ባሕር ዛፍ፣ ከባሕር ዛፉ ጀርባ ደግሞ ወጨጫ ተራራ ነበረች። ቡና የጫኑ መኪኖች ከጅማ ሲመጡ ሽታቸው ከአቧራው ቀድሞ ይደርስ ነበር። ክረምት ሲሆን ጥቁሩ ጭቃ ጫማ አውልቆ ያስቀራል። አባታችን ቀደም ብሎ ስለሞተ ቤታችን ውስጥ የነበርነው እማዬ፣ ጥላሁንና እኔ ነን። ጥላሁን ከኔ በስድስት ዓመት ይበልጣል። ሐጂ ሰይድ ወፍጮ ቤት ኩንታል ተሸካሚ ነበር፤ ቤታችን የቆመው በሱ ጀርባ ላይ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። እኔ ተማሪ ነበርኩ። እንጨት እንኳ ልፈልጥ ብዬ መጥረቢያ ካነሳሁ «አንተ ማሙሽ፣ ደብተርህን ያዝ፤ የጉልበቱን ለኔ ተውልኝ» ብሎ ይቀማኛል። ጢም እያወጣሁም ማሙሽ ነበርኩ።

ቁመቱ ረዥም፣ ሳቁ ሰፈር የሚያዳርስ፣ ሰው ሁሉ የሚወደው ወጣት ነበር። ይህን የምለው ወንድሜ ስለሆነ አይደለም። ገበያ ቀን ወፍጮ ቤት ደጃፍ ተራ የሚጠብቁት ሴቶች እህላቸውን ሌላ ተሸካሚ እንዳይነካባቸው ይከራከሩ ነበር።

ብረት ማንሳት የሚሉትን ነገር ወደ ሰበታ ያመጡት ኦቦ ዲንቃ ናቸው። ኦቦ ዲንቃ ኮሪያ ዘምተው የተመለሱ መካኒክ ነበሩ። እዚያ ሳሉ የሌላ አገር ወታደሮች ከግዳጅ መልስ ብረት ሲያነሱ አይተው፣ አብረው ሞክረው፣ ተምረው መጡ። ከጋራዣቸው ጀርባ ባለው ግቢ የአሮጌ ጭነት መኪና ዘንግ ወስደው፣ በሁለቱ ጫፍ ሲሚንቶ የተሞላ ትልልቅ የዘይት ቆርቆሮ አበጁለት። ክብደት ለመጨመር ደግሞ ትንንሽ ሲሚንቶ የተሞሉ ጣሳዎች ነበሩ፤ በሽቦ ይታሰራሉ። ማታ ማታ ከሥራና ከትምህርት መልስ የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ እዚያ ይሰበሰባል።

እኔ የሄድኩት ደረቴ እንዲሰፋ ነበር፤ ሌላ ዓላማ አልነበረኝም። ኦቦ ዲንቃ ከላይ እስከ ታች አዩኝና ቀጭን የባሕር ዛፍ በትር ሰጡኝ።

«ይኼ ነው ብረትህ» አሉኝ።

ሌሎቹ ሳቁ። ያን በትር ክረምቱ ገብቶ እስኪወጣ ድረስ ሳነሳው ሳስቀምጠው ከረምኩ። እግርህን በትከሻህ ልክ ክፈት፤ ተረከዝህ መሬት አይልቀቅ፤ ደረትህን አውጣ፤ በትሩን ከቅልጥምህ አታርቀው። ኦቦ ዲንቃ ከጎኔ ቁጢጥ ብለው፣ በግሪስ የጠቆረ ጣታቸውን አከርካሪዬ ላይ አሳርፈው «ሱታ፣ ሱታ» ይሉኛል፤ ቀስ በል ማለታቸው ነው። ስቸኩል ጣታቸው ይጫነኛል።

«ወገብ መያዣ ነው፤ ማንሻው ጭንህ ነው። በወገብህ ካነሳህ አንድ ቀን ይበቀልሃል።»

ከሁሉ የከበደን ግን ስለ ዕረፍት የሚሉት ነበር። ዛሬ ያነሳ ነገ ግቢያቸው አይገባም። «ጉልበት ስታነሳ ያልቃል እንጂ አይመጣም። የሚመጣው በልተህ ስትተኛ ነው» ይሉ ነበር። ይህን ለእማዬ ብነግራት «መተኛትን የሚያስተምር ሰው ደግሞ ከየት አገኘህ?» አለችኝ። በኛ ቤት ቀን የተኛ ሰው ወይ ታሟል ወይ ሰንፏል። ቢሆንም በነጋታው በሶ በጥብጣ ሰጠችኝ፤ ውስጧ ሳያምን አልቀረም መሰለኝ።

ጥላሁን በትሩን የያዘው ለጥቂት ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ወረወረውና ሳቀ።

«ኦቦ ዲንቃ፣ እኔኮ ኩንታል የምሸከም ሰው ነኝ! እንጨት ላንሳ?»

«መሸከምማ ታውቃለህ» አሉት። «ወፍጮ ቤት ኩንታሉን ሁለት ሰው አንስቶ ጀርባህ ላይ ያደርግልሃል። አንተ ተሸክመህ ትሄዳለህ። ከመሬት ግን አንስተህ አታውቅም። ጉልበትህ ከኔ ይበልጣል፤ ማንሳት ግን ገና አልተማርክም።»

እውነታቸውን ነበር። ተሸካሚ አያነሳም፤ ይጫንለታል እንጂ። ጥላሁን ግን ሰው ፊት ስለነበር የተነገረው፣ ቅር አለው። የኦቦ ዲንቃ ሌላው ትእዛዝ ደግሞ ከእሑድ በቀር ብረት እንዳይነካ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ተሸክሞ የዋለ ወገብ ማታ ማረፍ አለበት ብለው። እሱ ግን ሳያዩት ያነሳል። ሁሉንም በትከሻውና በወገቡ መንጭቆ ነበር የሚያነሳው፤ ደግሞም ይነሳለት ነበር። ያ ነው ክፉው ነገር። የማይነሳለት ቢሆን ኖሮ ይማር ነበር።

ሁዳዴ ገባ። እማዬ መጾም ብቻ ሳይሆን ማስጾምም ታውቅበታለች። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ በአፋችን አይዞርም። እኔ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ስዝል ጥላሁን በባዶ ሆዱ ኩንታል ይሸከም ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሽሮ፣ ጎመን፣ አንዳንዴ የሱፍ ፍትፍት ይበላል። ጉንጩ ወደ ውስጥ ገባ፤ የሸሚዙ አንገት ሰፋው። ኦቦ ዲንቃ ራሳቸውም ጿሚ ስለነበሩ ብረቱን በጆንያ ሸፈኑትና ሁላችንንም ሰብስበው ተናገሩ።

«በጾም በትር ብቻ ነው። ከፋሲካ በኋላም እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ይህን ጆንያ የሚገልጥ እንዳላይ። ሁለት ወር የተጎዳ ሰውነት በአንድ ቀን ዶሮ አይመለስም። ሳምንት ብሉ፣ ተኙ፣ ከዚያ ኑ።»

ሁላችንም እሺ አልን። በልባችን ግን ማናችንም አላመንናቸውም። ፋሲካ የተበላ ዶሮ በዚያው ቀን ክንድ ውስጥ ይገባል ብለን ነው ያደግነው። ትልልቆቹ ሰዎችም እንደዚያው ያስቡ ነበር።

በዚያው ሰሞን ጫላ የሚባል የቡራዩ ድንጋይ ፈላጭ ዝናው ሰበታ ደረሰ። ቡራዩ ላይ የሱን ያህል የሚያነሳ የለም ተባለ። የኛ ጎረምሶች ደግሞ ጥላሁንን ይዘው ዝም አይሉም። እንዲህ እንዲያ ሲባል ለፋሲካ ማግስት ቀጠሮ ተያዘ፤ ኦቦ ዲንቃ በዓሉን ዘመዶቻቸው ዘንድ ሱሉልታ እንደሚውሉ ታውቆ ነው የተያዘው። ለእሳቸው የነገራቸው የለም።

ስቅለት ዕለት ጥላሁን ሲሰግድ ዋለ። ስግደት ለነፍስ ነው፤ በሱ ዘንድ ግን ትንሽ ውድድርም ነበረበት። ጓደኞቹ ደክሟቸው የቤተ ክርስቲያኑን ግንብ ሲደገፉ እሱ ይወድቃል፣ ይነሳል፣ ላቡ መሬቱን ያርሰዋል። ስንመለስ ደረጃ መውረድ አቅቶት ትከሻዬን ያዘ። ቅዳሜ ሌሊት በቅዳሴ አደርን። ከዚያ ዶሮው፣ እንቁላሉ፣ ጠላው፣ በነጋታው ደግሞ የቅርጫው ሥጋ መጣ። እማዬ ከፊቱ አልተነሳችም።

«ብላ ልጄ። ያለቀው ሥጋህ ይመለስ። ብላ!»

እሱም በላ። ሰኞ ጠዋት ክንዱን አጥፎ አሳየኝ።

«ንካው እስቲ ማሙሽ። ገብቷል አይደል?»

ነካሁት። እውነትም ድንጋይ ነበር።

ከሰዓት በኋላ የኦቦ ዲንቃ ግቢ ሰው ሞላው፤ በዓል ስለሆነ ሁሉም ነጭ ለብሷል። ጫላን እንደ አውሬ ስለን ስንጠብቀው አንድ አጭር፣ ዓይን አፋር ልጅ መጣ። ለሁሉም በሁለት እጁ ሰላምታ ሰጠ። ጆንያው ተገለጠ። ጫላ መጀመሪያ አነሳ፤ ቁጢጥ ብሎ፣ ደረቱን አውጥቶ፣ ቀስ ብሎ። ማን እንዳስተማረው አላውቅም። ብረቱ ከደረቱ ደርሶ ከራሱ በላይ ወጣ። ሰዉ አጨበጨበ።

ጥላሁን ሁለት ጣሳ ይጨመር አለ። እኔ ከአጠገቡ ቆሜ ነበር። «ጥላዬ፣ እግርህን ክፈት፤ ቁጢጥ በል» አልኩት። ፀጉሬን በእጁ አመሰቃቀለውና ወደ ብረቱ ሄደ። ጎንበስ አለ። ጀርባው እንደ ቀስት ጎበጠ፤ እግሮቹ ቀጥ ብለዋል። መነጨቀው። ብረቱ ተነሳ! ጉልበቱን አለፈ፣ ወገቡ ደረሰ። እዚያ ላይ ለአንድ አፍታ ቆመ። ፊቱ ላይ የሆነ ነገር አለፈ፤ ሕመም አይደለም፣ የሆነ ሰው ከኋላው የጠራው ዓይነት ነው። ከዚያ ብረቱን ሳይጥል ቀስ አድርጎ መሬት ላይ መለሰው። በሕይወቱ በትክክል ያስቀመጠው ያን ቀን ብቻ ይመስለኛል።

እንዳጎነበሰ ቀረ። ቀና ሊል አልቻለም። ሳቀ። እሱ ስለሳቀ ሰዉም ሳቀ፤ ቀልዱን ነው አልን። «ማሙሽ፣ ና እስቲ ያዘኝ» ሲል ነው ድምፁን ሰምቼ የደነገጥኩት።

በቃሬዛ ቤት ወሰድነው። ያን ዕለት እግሩን ያንቀሳቅስ ነበር፤ ይህን ደጋግሜ አስባለሁ። ዝም ብለን አስተኝተነው ቢሆን፣ ዕረፍት ብቻ ሰጥተነው ቢሆን ምን ይሆን እንደነበር እግዚአብሔር ያውቃል። እኛ ግን ወጌሻ ጠራን። ወጌሻ ሳይጠራ የሚውል ሰው ያኔ የለም፤ ሰውየውም የተሰበረ እጅ በመጠገን የተመሰገነ ነበር። ቅቤ አስቀልጦ ወገቡን አሸው፣ ሁለት ጎልማሳ እግሩን ጎተቱለት፣ በመጨረሻም ጉልበቱን ጀርባው ላይ ጭኖ ተንጠራራበት። ጥላሁን ያኔ የጮኸውን ጩኸት ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ አሁንም አልገልጸውም። በማግስቱ ጠዋት እግሮቹ አልሰሙትም። እማዬ እግሩን እየቆነጠጠች «ይኸ ይሰማሃል? ይኸስ?» ትለዋለች። እሱ ጣራውን እያየ «ትንሽ፣ ትንሽ» ይላት ነበር። ውሸቱን ነበር። አዲስ አበባ ሆስፒታል ወሰድነው። ሐኪሙ ደግ ሰው ነበር፤ ብዙ አልተናገረም፤ ቤት ውሰዱትና ተንከባከቡት አለን።

ኦቦ ዲንቃ ከሱሉልታ ሲመለሱ በቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ይዘው መንገድ ላይ ነው የሰሙት። እንደያዙት ወደኛ ቤት መጡ። በሩ ላይ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ። ጥላሁን ቀድሞ ተናገረ።

«ኦቦ ዲንቃ፣ ዕረፍ ሲሉኝ አልሰማ ብዬ፣ ይኸው አሁን አረፍኩ።»

ያ ኮሪያ የዘመተ ሰው መደብ ላይ ተቀምጦ እንደ ልጅ አለቀሰ። እማዬም አብራ አለቀሰች። ሲበቃቸው ኦቦ ዲንቃ ፊታቸውን በጋቢያቸው ጠረጉና «ማን ነው የሚያነሳው?» ብለው ጠየቁ። እማዬ ወደኔ አመለከተች።

«ና» አሉኝ። ያን ቀን ሰው ማንሳት አስተማሩኝ። አልጋው አጠገብ ቁጢጥ በል፤ ተረከዝህ አይነሳ፤ ወደ ደረትህ አስጠጋው፤ አትጎትተው፣ እቀፈው፤ ትንፋሽህን ያዝና በጭንህ ተነሳ። ጣታቸው አከርካሪዬ ላይ ነበር። «ሱታ» አሉኝ። «ስታነሳው ቀስ፣ ስታስቀምጠው ደግሞ የባሰ ቀስ። ብረት ቢወድቅ አያመውም።» ጥላሁን በክንዴ ላይ ሆኖ «ጎበዝ ማሙሽ፣ ጣሳ ይጨመርልህ» አለኝ። ሳቅን። ሁላችንም እያለቀስን ሳቅን።

ከዚያ በኋላ ብረቱ ከጆንያው አልወጣም። ኦቦ ዲንቃ ግቢውን ዘጉ፤ ጎረምሶቹም ኳስ ሜዳ ሄዱ። እኔ ትምህርቴን አቋረጥኩ፤ ሐጂ ሰይድ የወንድሜን ቦታ ሰጡኝ። «ልጄ፣ ትንንሹን ጀምር» ብለው ለብዙ ጊዜ ግማሽ ኩንታል ብቻ አሸከሙኝ፤ አላህ ነፍሳቸውን ይማር። ጠዋት ጥላሁንን አንስቼ ደጅ ፀሐይ ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ ማታ ስመለስ አንስቼ አስገባዋለሁ። ጫላ አንድ እሑድ ከቡራዩ ድረስ በእግሩ መጥቶ፣ ማር ይዞ፣ እጁን የሚያደርግበት ጠፍቶት ሲቸገር ዋለ። እማዬ ከዚያ ወዲያ በየፋሲካው ዶሮውን ለኛ ትሠራለች እንጂ እሷ በአይብ ብቻ ነበር የምትገድፈው። አንድ ጊዜ ብቻ «ያን ቀን ባላበላሁት ኖሮ ጉልበት አለኝ ብሎ አያስብም ነበር» ስትል ሰማኋት። ምን ብዬ ላጽናናት? ብላ ማለት እናትነት ነው።

እንዲህ ሆነን ዓመታት አለፉ። ጥላሁን ቀልዱን አልተወም፤ ሰውነቱ ግን እያለቀ ሄደ። የመጨረሻው መስከረም ላይ፣ አደይ በወጣ ሰሞን፣ ፀሐይ ላይ ላስቀምጠው ሳነሳው «ዛሬ አታስቀምጠኝ» አለኝ።

«ምነው? ብርድ ነው?»

«አይ። ተቀምጬ ስንት ዓመት አጥሩን ብቻ ነው የማየው። ከአጥሩ በላይ ወጨጫን ልየው። አቁመኝ።»

ከኋላው ሆኜ በብብቱ ስር አቀፍኩት። ቁጢጥ አልኩ፣ ደረቴን ከጀርባው አስጠጋሁ፣ ትንፋሼን ያዝኩ፣ ተነሳሁ። እግሮቹ መሬት ነኩ፤ ክብደቱን ግን እኔ ይዤው ነበር። ቀጥ ብሎ ሲቆም ራሱ ከራሴ በላይ ሄደ። ምንም ነገር ማየት አልቻልኩም፤ ፊቴ ከትከሻው በታች ቀረ። ጥላሁን ከኔ እንደሚረዝም ረስቼው ነበር። እነዚያን ዓመታት ሁሉ እንደ ሕፃን ሳቅፈው ኖሬ፣ ወንድሜ ረዥም ሰው እንደነበር ጨርሶ ረስቼው ነበር። ያኔ ነው ልቤ የተሰበረው፤ ከፋሲካው ማግስት ይልቅ ያኔ።

«ቢጫ ሆኗል» አለኝ። «እስከ አናቱ ድረስ። መንገዱ ላይ መኪና እየመጣ ነው። የሐጂ ወፍጮ ቤትም ቆርቆሮው ተቀይሯል፤ ለምን አልነገርከኝም?»

ክንዴን ብብቱ ስር አጠበቅኩ። እሱም «በቃ፣ አስቀምጠኝ፤ ይደክምሃል» አለኝ። ቀስ ብዬ አስቀመጥኩት። በጥር ተለየን።

ይኸው እኔ ሸምግያለሁ። ጉልበቴ ቢከዳኝም ወገቤ ዛሬም ቀጥ ያለ ነው፤ ሰዎች ሲያዩኝ «ታድለው» ይሉኛል። ለወጉ ያህል ተመስገን እላለሁ። የምመኘው ግን ሌላ ነው፤ እሱ ቀጥ ብሎ ከፊቴ እየሄደ እኔ ጎብጬ ልከተለው ነበር የምመኘው። ማንሳቱን ከኦቦ ዲንቃ በደንብ ተምሬያለሁ፤ ሲደክሙ ማረፍንም ተምሬያለሁ። አንድ ነገር ግን እስከ ዛሬ አይለቀኝም። ያን ጠዋት ጥላሁን አስቀምጠኝ ያለኝ ለኔ አስቦ ነው፤ ገና አይቶ አልጠገበም ነበር። ፊቱን ባላይም ከትንፋሹ አውቃለሁ። እኔ ደግሞ አልደከመኝም ነበር።

ምንም አልደከመኝም ነበር።